ልዩ ልዩ

እኔ ባደግሁበት ሰፈር አባት የሚፈራ እንጂ አብረውት የሚጫወቱት ሰው አልነበረም። የምናገረው ስለ ጉለሌ ነው፤ ጊዜው 1960ዎቹ መጨረሻና 70ዎቹ። አመሻሹ ላይ አባት ከሥራ ሲመለስ ልጆች ከመንገድ ይበተናሉ፣ የሬዲዮ ድምፅ ይቀነሳል፣ ለእግር መታጠቢያ ውኃ ይሞቃል። የጎረቤት ልጆች አባታቸውን «አንቱ» ነበር የሚሉት። እኛ ቤት ግን አንቱታ አልገባም። ታላቅ ወንድሜ ከእነሱ ሰምቶ አንድ ማታ «አባባ፣ ራት ቀርቧል፤ ይምጡ» ቢለው፣ አባቴ ወደ ኋላው ዞር ብሎ በሩን አየና «ማን መጣ? እንግዳ አለ እንዴ?» አለው። ከዚያ ወዲያ ማናችንም አልሞከርነውም።

ሥራው ሒሳብ ሹምነት ነበር። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ 32 ዓመት የሰው ደመወዝ ሲደምርና ሲቀንስ ኖሮ በ1991 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ስለ ሥራው የነገረን ሁሉ ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲያርፍ፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። አንዱ የቴምብር ወዳጁ፣ አንዱ የዓሣ ጓደኛው፣ ወዲያ ጥግ ላይ ደግሞ የክራር መምህሩ፤ በዕድሜ የእኔ ታናሽ የሚሆን ልጅ። እያንዳንዳቸው ስለ አባቴ ሲያወሩ ለሰማ፣ በአንድ ድንኳን የአምስት ሰው ለቅሶ የተቀመጥን ይመስል ነበር።

ይህ ሁሉ የጨዋታ ፍቅር ከየት እንደመጣበት ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፦ ከስታዲየም። ጥር 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ። ዕድሜው 18 ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና 4 ለ 2 ዋንጫውን ወሰድን። አባቴ ይህን ታሪክ ሲጨርስ ዘወትር «በሁለት ጫማ ሄጄ በአንድ ተመለስኩ» ይል ነበር። የጠፋው ጫማ የቀኝ ይሁን የግራ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። እኛም ልጆቹ ስናድግ ጨዋታውን ትተን ጫማውን ነበር የምንከታተለው።

ቴምብሩን ባጭሩ ልለፈው፤ የታናሽ እህቴ ድርሻ ነውና። የእሷ እሑድ ጠዋት ከአባባ ጋር በጉልላ መነጽር ስር ያለፈ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ ከታተሙት ሰባቱ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ የያዙ ናቸው። አባቴ አንበሶቹን አገኘ፤ ንጉሡ ሙሉ ለሙሉ ሳይሟሉለት ቀሩ። «አንበሳው ቀድሞ መጥቷል፤ ጌታው መንገድ ላይ ነው» እያለ ባዶውን ቦታ ክፍት አድርጎ ኖረ። እህቴ ገና ስምንት ዓመቷ ሳለ «ሔልቬቲያ» ስዊዘርላንድ፣ «ማጃር» ደግሞ ሃንጋሪ መሆኑን ታውቅ ነበር። የክፍል አስተማሪዋ አያውቁም ነበርና አንድ ቀን ተጣልተውበታል።

የ1972 ክረምት ግን የሁላችንም ነው። ሐምሌ ላይ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ መጀመሪያ 10 ሺሕውን፣ በአምስተኛው ቀን 5 ሺሕውን አሸነፈ። ወሬው በሬዲዮ እንደተሰማ አባቴ ከመንደራችን ጀርባ ያለውን መንገድ በእርምጃ ለካው፤ አንዱ ዙር ስንት ሜትር እንደሚሆን በእርሳስ ጻፈ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አሰለፈ። እሱ በር ላይ ቆሞ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ የድስት ክዳን በማንኪያ ይመታል። «ማርሽ ቀይር! ማርሽ ቀይር!» እያለ ከኋላችን ይሮጣል። ክረምት ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። እኔ ከሴቶቹ አንደኛ ወጥቼ የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ምሕረት ተሸልሜያለሁ። ሽልማቱን የሰጠው አባቴ ነው፤ በምትኩ ዕቃውን ያጠበችው እናቴ ናት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይቆይ ቡሄ መጣ። ጅራፉን ከቃጫ ገምዶ የሚሠራልን እሱ ነበር፤ ጫፉ እንዲጮኽ የሚያደርግበት ምስጢር ነበረው፣ ለማንም አልተናገረም። በዚያ ዓመት ግን ጅራፍ መግመድ አልበቃውም። የሆያ ሆዬ አውራጃችን ጉሮሮው ታሞ ተኝቶ ነበርና አባቴ ከሥራ እንደመጣ፣ ክራቫቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ዱላ ይዞ «እኔ አወርዳለሁ» አለ። የ36 ዓመት ሰው፣ የአራት ልጆች አባት! ከቤት ቤት ስንዞር በጨለማው ከልጆቹ ረዘም ያለ ጎረምሳ እንጂ ማን መሆኑን የለየው አልነበረም። ታች ሰፈር አንድ ትልቅ ግቢ ገባን። ጌታዬው ወጥተው ሙልሙሉንና አንድ ብር ሰጡን፤ አባቴ ድምፁን ቀይሮ ምርቃቱን አወረደው፤ እኛ ተቀበልነው። ከበር ስንወጣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ሰውዬው ያውቁ አይወቁ አልተነገረም። በወሩ መጨረሻ ግን የደመወዝ መዝገብ ሊያስፈርም ቢሮአቸው ሲገባ፣ ቀና ሳይሉ እየፈረሙ የቡሄን ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ነበር አሉ።

አሁን ወደ እናቴ።

እንዲህ ያለ ሰው ያገባች ሴት ሁለት ሥራ አላት፤ የራሷንና እሱ በጨዋታ ምክንያት የተወውን። ጭቃ የነካ ልብስ ያጠበች፣ ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄዶ ያመጣውን ቆሮሶ እኩለ ሌሊት ላይ የጠረበች እሷ ናት። በሁዳዴ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አባቴ ዓሣ ጾም ነው ይላል፤ እናቴ አይደለም ትላለች፤ የንስሐ አባታችን ሲጠየቁ ሳል ይይዛቸዋል። እሷ ሽሮ በልታ ለእሱ ዓሣ ትጠብሳለች። በአባቴ ጨዋታ የሚስቅ ዘመድ ሁሉ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ሰው ነው!» ሲላት «አዎ፣ እናንተ ጋ» ነበር መልሷ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ቀበሌ ተመዝግባ በአንደኛው ዙር ገባችበትና በጥቂት ወራት ውስጥ ማንበብ ቻለች። ቤታችን ውስጥ እንዳሻት የምታገኘው ጽሑፍ ደግሞ አንድ ነበር፤ አባቴ በየማታው የቤት ወጪ የሚመዘግብበት ደብተር። ጤፍ ይህን ያህል፣ ከሰል ይህን ያህል፣ ለእድር ይህን ያህል፣ የልጆች ደብተር ይህን ያህል። እናቴ በጣቷ እየተከተለች አንድ ሙሉ ወር አነበበች። ከዚያም አባቴ ከሥራ ገብቶ ኮቱን ሳይሰቅል ደብተሩን ይዛ ተነሣች።

«ይቺ ልዩ ልዩ የምትባለው ማን ናት?»

አባቴ አልገባውም።

«በየሳምንቱ ገንዘብ የምትሰጣት! ከጤፉ ቀጥላ እሷ ናት። ልዩ ልዩ፣ ሦስት ብር ከሃምሳ። ልዩ ልዩ፣ ስድስት ብር። የት ነው ቤቷ?»

ሒሳብ ሹም መሆኑን አስታውሱልኝ። ስም የሌለውን ወጪ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት «ልዩ ልዩ» ብሎ ነው የሚመዘግበው። ቴምብሩ፣ መንጠቆው፣ ፊልሙ፣ የጅራፉ ቃጫ፣ ሁሉም ልዩ ልዩ ናቸው። ይህን ሲያስረዳት እንባው እስኪመጣ እየሳቀ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ደምራ ስለነበር። መደመርንም ያስተማሯት በዚያው ዘመቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልዩ ልዩ» የቤታችን አምስተኛ ልጅ፣ ወይም ጣውንት ሆነች። አባቴ ቅዳሜ በጠዋት ሲነሣ እናቴ «ዛሬም ልዩ ልዩ ጋ ነህ?» ትለዋለች። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ባሎቻቸውን ሲያሙ እሷ «የኔው እንኳ ደህና ነው፤ የሚሄደው ልዩ ልዩ ጋ ብቻ ነው» ብላ ማስደንገጥ ትወድ ነበር።

ያላሳቀው በ1974 ዓ.ም. የሆነው ነው። እናቴ ሁለት ዓመት የጣለችው እቁብ ወጣላት። የማድ ቤቱን ጣሪያ ለማስቀየር ነበር ያሰበችው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ምጣዱ ላይ ይንጠባጠባል። ገንዘቡን ከሰብሳቢው ዘንድ እንዲያመጣ የተላከው አባቴ ከገንዘቡ እኩሌታውን ብቻ ይዞ መጣ። በሌላኛው እኩሌታ ከአንድ ፎቶ ቤቱን ከሚዘጋ ሰው ኢንላርጀር ገዝቶበታል፤ ፎቶ ማጉያ። አንዲት ዜኒት ካሜራ ነበረችው፣ ማጠቢያና ማተሚያ አልነበረውም። እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ራት ሲደርስ «አባታችሁን ቀርቧል በሉት» ትለናለች፤ አጠገቧ ተቀምጦ። ጣሪያው የተቀየረው በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴን እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን እስከ ዛሬ ከእናቴ ጋር ነኝ።

ያም ሆኖ ስለ ኢንላርጀሩ ዝም ልል አልችልም፤ የእኔ ድርሻ እሱ ነበርና። ማታ ማታ ማድ ቤቱ ይጠረጋል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይንጠለጠላል፣ ቀዩ አምፖል ይበራል። ሦስት ሳፋ በመደዳ ይቀመጣል፤ አንዱ ማውጫው ኬሚካል፣ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ሃይፖው። በአንድ ማታ የሚገባው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ተራ ነበረን። ሥራዬ ሳፋውን በቀስታ መወዝወዝ ነው። ነጩ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ ፀጉር ይታያል፣ ቀጥሎ ዐይን፣ ከዚያ የአክስቴ ሙሉ ፊት ከውኃው ውስጥ ቀና ብሎ ያየኛል። ስንት ጊዜ ባየው አልሰለቸኝም።

ከፎቶው ይልቅ ግን ጨለማው ነበር ትልቁ ነገር። አባቴ ዐይኑ ሰዓቱ ላይ፣ እጁ ወረቀቱ ላይ ስለሆነ ፊትሽን አያይም። ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብድ ነገር ሁሉ እዚያ ይወጣል። ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ሁሉን ነገር ጨርሶ ሳለ፣ ነርስ መሆን እንደምፈልግ የነገርኩት ሳፋ እየወዘወዝኩ ነው። ቆየት ብሎ «ሃያ ሰከንድ ቀረው» አለ። ወረቀቱን አነሣ፣ ውኃው ውስጥ ከተተ። «እሺ፤ ደም ማየት ትችያለሽ?» አለኝ። በቃ፣ አለቀ። ታናሽ ወንድሜም፣ እህቴም የየራሳቸው አላቸው፤ እዚያ የተባለው እዚያው ስለሚቀር አንጠያየቅም።

ታላቅ ወንድሜ በ1980 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። 19 ዓመቱ ነበር። ሊሄድ ዋዜማ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ኮባው ስር አቁሞ ፎቶ አነሣው። ወንድሜ ሳቅ ብሎ፣ ያንን የቡሄ ዱላ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የቆመው። ለአንድ ዓመት ያህል ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ቆመ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲመጣ አባቴ ማድ ቤቱን ዘግቶ አንድ ሌሊት ሙሉ ሠራ። ያችን ፎቶ አርባ ጊዜ አተማት። ክረምቱን በሙሉ ወታደሮች አሉ ወደተባለበት ሁሉ እየሄደ ፎቶዋን ለየአንዳንዱ ያሳይ ነበር። «አየሁት» ያለ የለም፤ «ሞቷል» ያለም የለም። በመስከረም ኢንላርጀሩን በጆንያ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ዜኒቷን ሳጥን ውስጥ ከተተ። የቤት ወጪ ደብተሩን መጻፍ ቀጠለ፤ «ልዩ ልዩ» የሚል ግን ለዓመታት የለበትም። አይቼዋለሁ። ጤፍ፣ ከሰል፣ እድር፣ መብራት።

ያንን ዝምታ የሰበረችው እናቴ ናት። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር አልተናገረችም። በ1987 ዓ.ም. ለፋሲካ ከመርካቶ አንድ ክራር ገዝታ መጣች። «ቤቱ ዝም ሲል ጆሮዬን ይጮኽብኛል» አለች፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም። አባቴ 51 ዓመቱ ነበር። መምህር ፈለገ፣ ልጁ ተገኘ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። አራቱን ቅኝቶች ሊያስተምረው ነበር ዕቅዱ። ከአራቱ ትዝታን ብቻ ያዘ፤ ባቲ ላይ ጣቱ ይወላከፋል፣ አምባሰልና አንቺሆዬን ሳይደርስባቸው ቀረ። እናቴ «ሃያ አራት ዓመት አንድ ዘፈን» ትላለች። መጥፎ ተጫዋች ነበር፤ ይህን ስል ክብሩን እየነካሁ አይደለም፣ እሱም ያውቀዋል። መምህሩም ያውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ክፍያ መቀበሉን ትቶ ለቡና ብቻ ይመጣ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ በ1990 ዓ.ም. ሲወለድ ዜኒቷ ከሳጥን ወጣች። ኢንላርጀሩ ግን አልወረደም፤ ፊልሙን ፎቶ ቤት ወስዶ በቀለም አሳጠበው። ስለዚህ አላነሣንበትም። ልጆቼ ሲያድጉ ጅራፉም፣ የድስት ክዳኑም ተመለሱ። የልጅ ልጆች ጋር ሲሆን ከእኛም ጋር ያልነበረውን ትዕግሥት አመጣ፤ ደግሞም የጡረታ ጊዜ ነበረው። አያት የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ፍቅሩ ዳማ ነበር። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ልጇ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገር ይከብደዋል። በ2008 ክረምት ሊጠይቁን ሲመጡ የ9 ዓመቱ ልጅና አያቱ የሚያወሩት አልነበራቸውም። በሁለተኛው ቀን አባቴ ካርቶን ቆረጠ፣ በማስመሪያ አሰመረ፣ ከሰፈሩ ግሮሰሪ 24 ቆርኪ አስመጣ። የአንዱ ቆርኪዎች በፊታቸው፣ የሌላው በጀርባቸው። ለዳማ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «በላሁህ»፣ «ንጉሥ ሆንኩ»፣ «ተራህ ነው»። ልጁ ሲሄድ ሌላ ካርቶንና 24 ቆርኪ በሻንጣው ይዞ ሄደ። አባቴ የሒሳብ ሹም ነገር፣ ሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ ጠጠር የሚቀመጥባቸውን ቤቶች ከ1 እስከ 32 ቁጥር ጽፎባቸዋል። በስልክ ይጫወቱ ነበር። «ከ22 ወደ 18፣ አባባ!» ይላል ከወዲያ። አንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንት። ልጁ አማርኛ ቁጥሮችን እስከ ሠላሳ ሁለት አጥርቶ ያውቃል። ሠላሳ ሦስትን ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል።

አባቴ ሆስፒታል የገባ ጊዜ አንድ ጨዋታ መካከል ላይ ነበሩ። ልቡ ነው የደከመው። ሰሌዳው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ለቅሶ ሲሆን ቤቱ ሲነጠፍ ቆርኪዎቹ ተጠርገው የትም ገቡ። ከአርባው በኋላ ልጁ ደወለ። ለአያቱ ሊያለቅስ መስሎኝ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። አማርኛው ተሰባብሮ «እማማ፣ ተራው የአባባ ነበር» አላት።

እናቴ በሕይወቷ ዳማ ነክታ አታውቅም። ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ የእሱን ሰሌዳ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላት አዘዘችው። እኔን ደግሞ ቆርኪ ፍለጋ ግሮሰሪ ላከችኝ። መነጽሯን አድርጋ፣ ከስልኩ ፎቶ እያየች፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በቁጥራቸው ደረደረች። የአባቴ ወገን አራት ቆርኪና አንድ ንጉሥ ቀርቶታል፤ ያየሁት ያህል የሚያሸንፍ ጨዋታ ነበር።

በሦስት ቀን ተሸነፈች። «አባታችሁ እኮ ቀድሞ አበላሽቶት ነው የሄደው» አለችን፣ «እንደ ጣሪያው።» ሌላ እንዲጀምር ነገረችው።